አዳማ ወይስ ድሬ? በባቡር ለሚወጣ ቤተሰብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከአዲስ አበባ ልጆች ይዞ በባቡር ወጣ ማለት ያማረው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ በአዳማና በድሬዳዋ መካከል ያመነታል። ሁለቱም ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛ አገልግሎት በሚሰጠው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ላይ ናቸው። በምርጫው ላይ ሲነገር የምሰማው ግን ብዙው ልክ አይደለም። ከወዲሁ ልናገር፣ እኔ የድሬ ወገን ነኝ። አዳማ የሚሻልበት ጊዜም ግን አለ።

«አዳማ ቅርብ ነው፤ ለልጆች እሱ ይቀላል»

በመኪና ከሆነ ትክክል ነው። የፍጥነት መንገዱ ቶሎ ያደርሳል። በባቡር ግን ያ ቅርበት መንገድ ላይ ያልቃል። መነሻው ፉሪ ለቡ፣ የከተማው ደቡብ ምዕራብ ዳር ነው። ከአያት ወይም ከሲኤምሲ ለሚነሳ ሰው እዚያ መድረሱ ራሱ አንድ ጉዞ ነው። ፍተሻ አለ፣ መጠበቅ አለ። አዳማ ሲደረስም ጣቢያው ከመሀል ከተማ ወጣ ያለ ስለሆነ ሌላ ትራንስፖርት ይያዛል። ልጆቹ መስኮቱን ሳይጠግቡት ውረዱ ይባላሉ። ሐሳባችሁ ሶደሬ ፍልውሃ መዋኘት ከሆነ ደግሞ ከአዳማም ወደ 25 ኪሎ ሜትር ይቀራል። ለዚህ መኪና ይሻላል።

«ከለገሃር እንሳፈራለን»

አይሆንም። ለገሃር የድሮው ባቡር ጣቢያ ነው። የከተማው ቀላል ባቡርም ፉሪ ለቡ አያደርስም።

«ድሬ ለሦስት ቀን ሩቅ ነው»

ይህን የሚሉት መንገዱን እንደ ብክነት የሚቆጥሩ ናቸው። በባቡር ለሚሄድ ልጅ ግን መንገዱ ዋናው ነገር ነው። ባቡሩ ጠዋት ተነስቶ ድሬ ከሰዓት በኋላ ይገባል። መተሐራ ላይ ፈንታሌ ተራራና ከዓመት ዓመት እየሰፋ የመጣው የበሰቃ ሐይቅ ይታያሉ። ከአዋሽ ወዲያ አገሩ ይለወጣል፦ ግራር፣ የምስጥ ኩይሳ፣ ግመል የሚነዳ እረኛ። ልጁ ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርድ በዓይኑ ያየዋል። ይህን ደብተር አያስተምረውም። ትኬት ስትቆርጡ ባለ አልጋ ፉርጎ እንዳለ ጠይቁ። ካለ ታችኛውን አልጋ ያዙ፤ ሕፃን የያዘች እናት ታመሰግናችኋለች።

ያላችሁ ሁለት ቀን ብቻ ከሆነ፣ ወይም ረጅም መቀመጥ የማይችል ትንሽ ልጅ ካለ፣ አዳማን ምረጡ።

«ድሬ ሙቀት እንጂ ምን አላት?»

ድሬን የወለዳት የድሮው ባቡር ነው። ሐዲዱ መጀመሪያ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው ስለከበደ ከታች ሜዳው ላይ ቆመ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚያ ደረሰ፣ ከተማዋም አብራ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በአዲሱ ባቡር ሄዶ አሮጌውን ጣቢያ አለማሳየት ያስቆጫል። በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር በእግር መሄድም፣ በጠዋት ቀፊራ ገበያ መግባትም አለ። ቀትር ላይ ከተማው ዐረፍ ይላል፤ እናንተም ዕረፉ። ድሬ የሚያምርባት ሲመሽ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ይለዝባል። ግንቦትና ሰኔ ግን ለልጆች አልመክርም።

ደግሞ ሐረር አለች፣ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ። በመንገድ ደርቆ የነበረውና ውሃው የተመለሰለት የሐሮማያ ሐይቅ አለ። በግንብ የታጠረው አሮጌው የሐረር ከተማ፣ ጀጎል፣ ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ማታ ጅብ ከሰው እጅ ሲበላ ያየ ልጅ ደግሞ አይረሳውም። በአንድ ጉዞ ሁለት ከተማ ማለት ነው።

«ደቻቱ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጆች ይጫወቱበት»

ደቻቱ ድሬን አቋርጦ የሚያልፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሆነ ወንዝ ነው። በክረምት ግን በፍጹም አይሆንም። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይመጣል። በ1998 ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል።

«ወባ የክረምት ነው፤ በበጋ አያሰጋም»

ይህም ለድሬ አይሠራም። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የሚባለው ትንኝ በከተማ ውስጥ በውሃ ማጠራቀሚያ ስለሚራባ ደረቅ ወቅት አያቆመውም። በ2014 ዓ.ም. በድሬ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ምክንያቱ ይኸው ትንኝ መሆኑ ታውቋል። አጎበር ያለው ማረፊያ ያዙ። ማታ ማታ ልጆቹን ረጅም እጅጌ አልብሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ልጅ ካተኮሰው ድሬ መሄዱን ለሐኪሙ ንገሩ።

«አዳማ ጠዋት ሄደን ማታ በባቡሩ እንመለሳለን»

ብዙ ቤተሰብ የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። ይህ እንደ ከተማ አውቶቡስ በየሰዓቱ የሚመላለስ ባቡር አይደለም። የሚሄድበትና የሚመለስበት ቀን ሊለያይ ይችላል፤ ፕሮግራሙም ይቀያየራል። ስለዚህ ማረፊያ ከመያዛችሁ በፊት መጀመሪያ የመመለሻውን ቀን አረጋግጡ። የመመለሻው ቀን ካልገጠመ በባቡር ሂዱና በአውቶቡስ ወይም በሚኒባስ ተመለሱ። ከአዳማ ይህ ቀላል ነው። ከድሬ ግን ሙሉ ቀን የሚፈጅ የመኪና መንገድ ስለሆነ፣ የመመለሻ ትኬት ሳይያዝ ልጆች ይዞ መነሳት አያስፈልግም።