ሴፋሊክ ፌዝ ምንድን ነው? ወጡ ገና ድስት ውስጥ እያለ ጨጓራ ለምን ሥራ ይጀምራል?

ቀዳም ስዑር ማታ ነው። እናቴ ዶሮ ወጡ ላይ ቆማለች። ሽንኩርቱ ሲቁላላ ውሏል፣ በርበሬው ገብቷል፣ ቅቤው አሁን ጠብ አለ። አክፋይ ስለሆነች ጨዉን መቅመስ አትችልም። ክዳኑን ከፈት አድርጋ አሽትታ ትገምታለች። ከዚያ ፊቷን ዞር አድርጋ ምራቋን ዋጥ ታደርጋለች። እኔም በሩ ጋ ቆሜ እውጣለሁ። ሁለታችንም እህል አልቀመስንም፤ ጨጓራችን ግን አሲድ ማመንጨት ጀምሯል።

ሐኪሞች ይህን «ሴፋሊክ ፌዝ» ይሉታል። ስሙ የመጣው «ራስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። ምግብ ሲፈጭ የሚወጡት ፈሳሾች በሦስት ምዕራፍ ይመነጫሉ፤ አንዱ ምግቡ ጨጓራ ሲገባ፣ አንዱ አንጀት ሲደርስ ነው። የመጀመሪያው ግን ራስ ላይ ይጀምራል፣ ምግቡ ሳይዋጥ። ለአንድ ማዕድ ከሚመነጨው የጨጓራ አሲድ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው የዚህ ምዕራፍ ድርሻ ነው። ቀላል አይደለም።

መንገዱ እንዲህ ነው። የምግቡ መዓዛ፣ መልኩ፣ ጣዕሙ፣ ሐሳቡም ጭምር አንጎልን ይቀሰቅሳል። ትእዛዙ የሚወጣው ከአንጎል ግርጌ፣ ከማጅራት ከፍ ብሎ ካለው ክፍል ነው። ወደ ምራቅ ዕጢዎች የሚሄደው እዚያው ቅርብ ስለሆነ አፍ ይቀድማል። ወደ ሆድ የሚወርደው በቬገስ ነርቭ በኩል ነው። ይህ ነርቭ ከራስ ቅል ወጥቶ፣ በአንገትና በደረት አልፎ ጨጓራ ድረስ ይዘልቃል። እዚያ ሲደርስ አሲድ የሚያመነጩትን ሴሎች በቀጥታ ይነካካል። ጋስትሪን የሚባለውን ሆርሞን የሚሠሩትንም ይቀሰቅሳል፤ ጋስትሪኑ ደግሞ በደም ዞሮ መጥቶ አሲዱን ያስጨምራል። ቆሽትም የድርሻዋን ታዋጣለች።

ይህን በደንብ ያሳየው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ነው። ፓቭሎቭ ሲባል ሁላችንም ውሻው ድምፁን ሲሰማ ምራቁ እንዲመጣ ያስለመደበት ደወል ትዝ ይለናል፤ በ1904 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኘው ግን በምግብ መፈጨት ጥናቱ ነው። ሴንት ፒተርስበርግ ባለው ቤተ ሙከራው የውሻውን የምግብ ቧንቧ አንገቱ ላይ ከፍቶ ወደ ውጭ አወጣው። ጨጓራው ላይም ቱቦ ገጠመ። ውሻው ሥጋውን ያኝካል፣ ይውጣል፤ ሥጋው ግን በአንገቱ ወጥቶ ሳህኑ ላይ ይወድቃል። ጨጓራ አንዲት ጉርሻ አልደረሰውም። እንዲያም ሆኖ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ንጹሕ የጨጓራ ጭማቂ በቱቦው ይንጠባጠብ ጀመር። የቬገስ ነርቮቹ ሲቆረጡ ውሻው እንደ ድሮው ቢበላም ጭማቂው ቀረ። (ቤተ ሙከራው ጭማቂውን እየሰበሰበ ሆዳቸው ለማይፈጭላቸው ሰዎች በመድኃኒትነት ይሸጥ ነበር። እንዴት እንደሚጠጡት እንጃ!)

ሰው ላይማ መብላት የመሰለ ነገርም አያስፈልግም። ስለ ምግብ ማውራት ብቻ የጨጓራ አሲድ እንደሚጨምር ተለክቶ ታይቷል። በጾም ሰሞን ተሰብስቦ ስለ ክትፎ የሚያወራ ሰው ራሱን ነው የሚጎዳው።

አንጎል ማብራት ብቻ ሳይሆን ማጥፋትም ይችላል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ገብታችሁ ምላሳችሁ ላንቃችሁ ላይ ተጣብቆ ያውቃል? በፍርሃት ጊዜ ሰውነት ለመሸሽ ይዘጋጃል፤ ምራቁ ያንሳል፣ ያለውም ይወፍራል።

«ጨጓራዬ በሐሳብ ተነሳ» የሚባለውስ? ጭንቀት ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል። ለአብዛኛው የጨጓራ ቁስል ግን ዋናዎቹ ምክንያቶች ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያና አንዳንድ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ባክቴሪያው ከመታወቁ በፊት ቀዶ ሐኪሞች የፓቭሎቭን መንገድ ተከትለዋል። በ1943 እ.ኤ.አ. ሌስተር ድራግስቴድት ቺካጎ ውስጥ ለቁስል ብሎ የታካሚውን ቬገስ ነርቭ ቆረጠ። ዘዴው ለዓመታት ተሠርቶበታል። አሁን አሲድ የሚቀንሱ መድኃኒቶች ስላሉ ብዙም አያስፈልግም።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። አንዳንድ ሆስፒታሎች ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ለተኛው ሰው ማስቲካ ይሰጡታል። ያኝካል፣ ሆዱ ግን ምግብ አይገባም፣ ልክ እንደ ፓቭሎቭ ውሻ። አንጎሉ ግን ምግብ የመጣ ይመስለውና የተኛውን አንጀት ይቀሰቅሰዋል።