ተጓዳኝ በሽታ ምንድን ነው? አዲስ ቫይረስ ሲመጣ አረጋውያን ለምን ቀድመው ይጠራሉ?

ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ሬዲዮ በተከፈተ ቁጥር «በተለይ አረጋውያንና ተጓዳኝ በሽታ ያለባቸው» የሚል ማሳሰቢያ ይሰማ ነበር። አዳማ ውስጥ ይህን ሲሰሙ ክው ያሉ ብዙ እናቶችና አባቶች አውቃለሁ። ሁለቱም ይመለከታቸዋላ። ዕድሜውም አለ፤ ግፊቱም፣ ስኳሩም አለ። ነገሩ ምን ማለት እንደሆነ ግን ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው የለም። አንዳንዶቹ «በቃ፣ እኛን ሊወስድ የመጣ ነው» ብለው ተቀበሉት።

ኮሮና በረድ ቢልም አዲስ ቫይረስ መምጣቱ አይቀርም። ያኔም ይኸው ማሳሰቢያ ይደገማል። ስለዚህ ዛሬ፣ ልብ ረጋ ባለበት ሰዓት፣ ነገሩን ብንነጋገርበት ይሻላል።

ተጓዳኝ በሽታ የሚባለው አዲሱ በሽታ ከመምጣቱ በፊት ሰውነታችን ውስጥ የቆየና አብሮን የሚኖር ሕመም ነው። ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም፣ አስምና ሌላ የቆየ የሳምባ ችግር፣ የኩላሊት ሕመም፣ ካንሰርና ኤችአይቪ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ የያዘ ሰውም ብዙ ነው፤ በተለይ ግፊትና ስኳር አብረው መምጣት ይወዳሉ። «ጨጓራዬስ? የጉልበቴ ቁርጥማትስ?» ብለው የሚጠይቁ አሉ። እነዚህ ያሰቃያሉ እንጂ ኮሮናን ያከብዳሉ ተብለው ከተለዩት ውስጥ አልነበሩም። ለቁርጥማት ብሎ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ግን ለሐኪሙ ሊናገር ይገባል። መድኃኒቱ ራሱ የሰውነትን የመከላከል አቅም ያዳክማል።

ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የቻይና የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በምርመራ የተረጋገጡ ከ44,000 በላይ ታማሚዎችን መረጃ አወጣ። ከሁሉም ታማሚዎች የሞቱት 2.3 በመቶ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 79 ከሆኑት 8 በመቶ፣ 80 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ደግሞ 14.8 በመቶ ሞተዋል። ምንም ተጓዳኝ በሽታ ካልነበረባቸው 0.9 በመቶ ብቻ ሲሞቱ፣ ግፊት ከነበረባቸው 6 በመቶ፣ ስኳር ከነበረባቸው 7.3 በመቶ፣ የልብና የደም ሥር ሕመም ከነበረባቸው 10.5 በመቶ ሞተዋል።

ልዩነቱ ትልቅ ነው። ግን ብዙ ሰው የሰማው የሞቱትን ብቻ ነው። ስኳር ከነበረባቸው መቶ ሰዎች ከዘጠና በላዩ አልሞቱም። ሰማንያን ካለፉት መቶ ሰዎችም ሰማንያ አምስት ያህሉ አልሞቱም። ይህ ሁሉ ደግሞ ክትባት ሳይመጣ፣ ዴክሳሜታዞን የተባለው ርካሽ መድኃኒት የጠናባቸውን ታማሚዎች ሕይወት እንደሚያተርፍ ሳይታወቅ በፊት ነው። ለእናታችን ስንነግር ይህኛውንም መንገር አለብን። ፍርሃት ብቻውን የተነገረው ሰው ወይ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ ጆሮውን ይደፍናል።

ለመሆኑ ዕድሜ ምን ያደርጋል? ከደረት አጥንታችን ጀርባ ታይመስ የምትባል ዕጢ አለች። ከበሽታ ጋር የሚዋጉ አንዳንድ የደም ሴሎች የሚሠለጥኑት እዚያ ነው። ይህች ዕጢ ከልጅነት በኋላ እየሟሸሸች ትሄዳለች። ሽማግሌ ሰው ድሮ ያገኘውን በሽታ የሚያስታውሱ ሴሎች አሉት። አይቶት የማያውቀውን ጀርም የሚማሩ ትኩስ ሴሎች ግን ያንሱታል። ለዚህ ነው «አዲስ» የተባለ ቫይረስ አረጋውያን ላይ የሚበረታው። በልጅነቱ ስንቱን ወረርሽኝ ያለፈ ጠንካራ ሰው እንኳ ለዚህኛው እንግዳ ነው።

ተጓዳኝ በሽታው ደግሞ በሌላ በኩል ይመጣል። የአዳማን የጋሪ ፈረስ አስቡት። ፈረሱ ጭነቱን ይዞ ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል። ዳገት ሲመጣና ሌላ ኩንታል ሲጨመርበት ግን ይንበረከካል። ለዓመታት ከግፊት ጋር የታገለ ልብም እንደዚያው ነው። በአዘቦቱ ቀን ምንም አይሰማውም። ትኩሳት መጥቶ ልብ በፍጥነት ምታ ሲባል፣ ሳምባ ደክሞ ኦክስጅን ሲያንስ፣ ያኔ አቅሙ ይታወቃል።

ስኳር ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ስኳሩ ከፍ ብሎ ሲቆይ ጀርም የሚውጡት ነጭ የደም ሴሎች በደንብ አይሠሩም። ኢንፌክሽኑ ደግሞ በተራው ስኳሩን ይሰቅለዋል፤ ሰውነት ሲጨነቅ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ስኳር ይጨምራሉና። አንዱ ሌላውን ይገፋል። በደህና ጊዜ በቁጥጥር ሥር የነበረ ስኳር በትኩሳት በሁለት ቀን ውስጥ ሊፈነዳ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳምባን በተመለከተ ሲጋራ ብቻ ነው የሚነሳው። እዚህ እኛ አገር ግን ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ እናቶች አሉ። ሠላሳና አርባ ዓመት በእንጨትና በኩበት ጭስ እንጀራ ሲጋግሩ ኖረዋል። ያ ጭስ የሳምባን ቧንቧ ያጠባል። «ትንሽ ስሄድ ያለከልከኛል፣ እርጅና ነው» የሚሉት ነገር ስም ያለው የሳምባ በሽታ ሊሆን ይችላል። ደም ግፊትም እንዲሁ ተደብቆ ይኖራል። ዓለም ላይ ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ ያህሉ እንዳለባቸው አያውቁም። ላይኛው ቁጥር 140 ወይም ታችኛው 90 ከደረሰና ደጋግሞ እንደዚያ ከተገኘ ግፊት አለ ማለት ነው። ተለክቶ የማያውቅ ሰው «እኔ ተጓዳኝ የለብኝም» ማለት አይችልም።

እንግዲህ እኔ ከሁሉ በላይ ማለት የምፈልገው ይህን ነው። ዕድሜን ማንም አይመልሰውም። ግፊትና ስኳር ግን ይያዛሉ። አረጋዊ ሰው ከአዲስ ቫይረስ ራሱን ሲጠብቅ በራሱ እጅ ያለው ትልቁ ነገር ክትትሉን አለማቋረጥ ነው። እኛ ግን ያን ጊዜ አረጋውያኑን ቤት አስገብተን በር ዘጋን፤ መድኃኒታቸውን ግን ረሳነው።

አንዲት የሰፈራችን እናት አዲስ አበባ ካለች ልጃቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ አጠገባቸው ነበርኩ። አገር አቋራጭ መኪና የቆመበት ሰሞን ነው። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነው።

«እማዬ፣ መድኃኒትሽን ወስደሻል?»

«እየወሰድኩ ነው የኔ ልጅ። ግማሽ ግማሽ አድርጌዋለሁ።»

«ግማሽ? ማን አዘዘሽ?»

«እንዳያልቅብኝ ነዋ። ሐኪም ቤት በሽታው አለ፣ አትሂዱ ይባል የለ?»

ቀጠሯቸው አልፎ ነበር። ፍሬዋን በቢላዋ ለሁለት እየከፈሉ፣ ግማሿን መልሰው በወረቀት ይጠቀልሏታል። እንዲህ ያደረጉ እሳቸው ብቻ አልነበሩም። መፍትሔው ሩቅ አልነበረም። የረጋ ሕመም ላለበት ሰው የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት አንድ ላይ ይሰጠው እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል። ካርዱን ይዞ ጎረምሳ ልጅ ወይም ጎረቤት ሄዶ ማምጣት ይችል እንደሆነም ይጠየቃል። ቀጠሮ ሲቀር ደውሎ ማሳወቅም አለ። ለአጠቃላይ ጥያቄ 8335 ነፃ መስመር ነበር። የግፊት መድኃኒት በራስ ፈቃድ ሲቀነስ ወይም ሲቆም ግፊቱ ተመልሶ ይወጣል፤ ከቫይረሱ በፊት ስትሮክ ሊቀድም ይችላል።

በዚያ ላይ ወሬው ነበር። ኢናላፕሪል ብዙ ሰው የሚወስደው የግፊት መድኃኒት ነው፤ «ኢናላፕሪል ኮሮናን ያባብሳል» የሚል ነገር ተነዛ። መነሻው ሳይንሳዊ ጥያቄ ነው። ቫይረሱ ወደ ሴል የሚገባበት በር እነዚህ መድኃኒቶች ከሚነኩት የሰውነት ሥርዓት ጋር ስለሚገናኝ ተመራማሪዎች ጠይቀው ነበር። የልብ ሐኪሞች ማኅበራት ግን ወዲያው «አታቋርጡ» አሉ። በኋላም ብራዚል ውስጥ 659 ታማሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት መድኃኒቱን ማቋረጥ ምንም ጥቅም አላስገኘም። መልሱ ግን እንደ ወሬው ፈጥኖ ሰፈር አልደረሰም።

ኢንሱሊን የሚወስዱት ደግሞ የአዳማ ሙቀት አለባቸው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፤ በር የተዘጋበት የቆርቆሮ ቤት ደግሞ በግንቦት እንደ ምድጃ ይግላል። ፍሪጅ የሌለው ሰው ጠርሙሱን ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልሎ፣ ውሃ ባለበት ሸክላ ማሰሮ ውስጥ፣ ጥላ ቦታ ያስቀምጠዋል። ሸክላው ላቡን እያወጣ ይቀዘቅዛል። አንዴ የተከፈተ ጠርሙስ አራት ሳምንት ካለፈው አይታመንም። የብዙ ወር ኢንሱሊን አምጥቶ ከማከማቸት በፊት ይህን ማሰብ ያስፈልጋል።

ስለ ባህል መድኃኒት ሰው ሲሳለቅ ደስ አይለኝም። ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦና ዳማከሴ እናቶቻችን ያሳደጉን ነገር ነው። ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ መንፈስም ያጽናናል። ግን ቫይረሱን አይከለክልም፤ የግፊት ፍሬንም አይተካም። ስኳር ላለበት ሰው ዝንጅብሉን በማር ማድረግ ራሱ ችግር ነው። አረቄ ቫይረሱን ይገላል የሚለው ግን ፍጹም ውሸት ነው፤ ጉበትን ይጎዳል፣ ከስኳር መድኃኒት ጋር ሲገናኝም ስኳርን በድንገት ሊጥል ይችላል።

ጾሙም አለ። በ2012 ወረርሽኙ የመጣው በዐቢይ ጾም መካከል ነው። ፋሲካ ሚያዝያ 11 ውሎ፣ ሳምንት ሳይሞላ ረመዳን ገባ። በጭንቅ ጊዜ አረጋውያን ጾሙን ያጠብቃሉ፤ ልባቸው የሚያርፈው እዚያ ነው። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ፍሬ ወስዶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ አለመቅመስ ግን ያደክማል፣ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ ራስ እስከ መሳትም ያደርሳል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው። ልጆች ከሚከራከሩ የንስሐ አባቱ ወይም ሼኹ ቢናገሩ ይሻላል። አረጋውያኑ እነሱን ይሰማሉ።

ምልክቱም አረጋውያን ላይ ይለያል። ወጣት ያተኩሰዋል፣ ያስለዋል። ሰማንያ ዓመት የሞላው ሰው ግን ጨርሶ ላያተኩሰው ይችላል። ይልቅ ይደክማል፣ ይወድቃል፣ ቀኑን ከሌሊት ያምታታል። የልጅ ልጃቸውን በሌላ ሰው ስም ከጠሩ፣ ምግብ አልፈልግም ካሉ፣ በተለይ ቡና እምቢ ካሉ፣ «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም። ጣት ላይ የሚሰካ የኦክስጅን መለኪያ ከተገኘ 95ና ከዚያ በላይ ደህና ነው። ከ90 በታች ከሆነ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ነው። ጥፍር ላይ ቀለም ወይም ሂና ካለ፣ ጣትም ከቀዘቀዘ፣ ንባቡ ሊሳሳት ይችላል።

ቤት ውስጥስ? አረጋውያኑን ጓዳ ዘግቶ ማስቀመጥ ጥበቃ አይደለም። አዳማ ብዙውን ዓመት ውጭ የሚያስቀምጥ አየር አላት። ግቢ ውስጥ ከዛፍ ሥር ወንበር ይውጣ፣ ቡናው እዚያ ይፈላ፣ ጎረቤትም ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ነፋስ ያለበት ቦታ ከተዘጋ ሳሎን በጣም ይሻላል። ቫይረሱን ቤት የሚያስገቡት አብዛኛውን ጊዜ አረጋውያኑ አይደሉም፤ ባጃጅ የሚነዳው፣ ገበያ የሚውለው፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው ነው። አዳማ ደግሞ የጅቡቲ መንገድ ላይ ናት፤ ሰው ውሎ አዳሪው ብዙ ነው። ስለዚህ እጅ መታጠቡም፣ ማስክ ማድረጉም፣ ማሳል ሲጀምር ለብቻ መተኛቱም በመጀመሪያ የወጣቱ ድርሻ ነው። እናቴ ማስክ አላደረገችም ብሎ ከመቆጣት በፊት እኔ አድርጌያለሁ ወይ ማለት ይገባል።

ለቅሶ ከባዱ ነው። «ጎረቤቴ ሞቶ ልቅር?» የሚሉ አባት አይፈረድባቸውም። ድንኳኑ ጎንና ጎኑ ይከፈት፣ መሳሳሙ ይቅር፣ እጅ በደረት አድርጎ ጎንበስ ማለት ይበቃል። እድሩ ይህን አስቀድሞ ቢወስን ሽማግሌው ሰው ተለይቶ አያፍርም።

አንድ ሥራ ግን ወረርሽኝ ሳይመጣ ዛሬ ማታ ሊሠራ ይችላል። የመድኃኒቶቹ ስም፣ መጠን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰዱ፣ የማይስማማ መድኃኒት ካለ እሱ፣ በደህና ቀን የሚለካው ግፊትና ስኳር ስንት እንደሆነ፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነና የቅርብ ዘመድ ስልክ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ወረቀቱ ከክትትል ካርዱ ጋር ይቀመጥ። ልጆችም ፎቶ አንስተው ስልካቸው ላይ ይያዙት። ሌሊት በባጃጅ ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው ጎረቤት «የምትወስደው መድኃኒት ምንድን ነው?» ሲባል «ነጭ ፍሬ ናት፣ ክብ» ከማለት ይድናል።