ጊዜያዊ ማስገባት ምንድን ነው? የግል አውሮፕላንና የጉምሩክ ጣጣው

ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ብዙውን ጊዜ በኮንቴይነር ታሽጎ ነው የሚመጣው። ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ማሳወቂያ ቅጽ) ይሞላለታል፣ ቀረጡ ይከፈላል፣ ከዚያ ይለቀቃል። አውሮፕላን ግን ራሱ በሮ ይመጣል። ያርፋል፣ ሰው ያወርዳል፣ ነዳጅ ይቀዳል፣ ሲመሽ ተነስቶ ይሄዳል። ታዲያ ይሄ አውሮፕላን አገር ውስጥ ገብቷል ወይስ አልገባም?

በጉምሩክ ዓይን ገብቷል። አገባቡ ግን በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ቀረጥና ታክስ ተከፍሎ ለዘለቄታው መግባት ነው። ሌላው ጊዜያዊ ማስገባት ይባላል። ተመልሶ ይወጣል ተብሎ፣ ሳይከፈልበት የሚገባበት መንገድ ነው።

እንግዳ ቤትዎ ሲመጣ ጃኬቱን ለብሶ ይገባል። ስለ ጃኬቱ የሚጠይቀው የለም። ለብሶት ከወጣ ነገሩ እዚያው አለቀ። ጃኬቱን እርስዎ ቤት ሸጦት ቢሄድ ግን ወሬው ሌላ ይሆናል። ጊዜያዊ ማስገባትም እንደዚሁ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 የተፈረመው፣ የዓለም አቀፍ ሲቪል በረራን የሚገዛው የቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 24 ላይ አለ። ከአንዱ አባል አገር ወደ ሌላው የሚበር አውሮፕላን፣ የተቀባዩን አገር የጉምሩክ ደንብ እስካከበረ ድረስ፣ ለጊዜው ከቀረጥ ነፃ ይገባል። ይዞት የመጣው ነዳጅ፣ ዘይት፣ መለዋወጫና ስንቅም ከላዩ ሳይወርድ ተመልሶ እስከወጣ ድረስ አይቀረጥም። እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ ጊዜያዊ ማስገባትን የሚመለከተው የኢስታንቡል ስምምነት ስለ ማጓጓዣዎች ራሱን የቻለ አባሪ ይዞ መጣ። ለግል አገልግሎት የሚውል ማጓጓዣ በየ12 ወሩ ውስጥ በተከታታይም ሆነ በተቆራረጠ ጊዜ 6 ወር መቆየት እንደሚችል ይፈቅዳል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነጥብ እንምጣ። «እኛ ጉምሩክ ምንም አልጠየቀን፣ ምንም ወረቀት አልሞላንም» የሚሉ ባለቤቶች አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አልሞሉም። ግን አለመሙላት አለማሳወቅ አይደለም። ለምሳሌ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት አውሮፕላኑ ድንበሩን ማቋረጡ ብቻ እንደ ዲክላራሲዮን ሊቆጠር ይችላል። ጎማው መሬት ሲነካ «በጊዜያዊነት ገብቻለሁ፣ ሁኔታዎቹንም አሟላለሁ» ብለው ፈርመዋል እንደማለት ነው። ዝም ብለው ያረፉ ይመስልዎታል እንጂ ግዴታ ገብተዋል። ጠንቃቃ ሰው ግን በዝምታ አይተማመንም። አንዲት አጭር የድጋፍ ቅጽ ሞልቶ ማህተም ያስደርግባታል። ያችን ወረቀት ያልያዘ ሰው «መቼ ገባህ?» ሲባል ነው የሚቆጨው።

ሁኔታዎቹ ምንድን ናቸው? እዚያው አውሮፓ እንቆይ። አውሮፕላኑ ከኅብረቱ ውጭ፣ ነዋሪነቱ ውጭ በሆነ ሰው ወይም ድርጅት ስም የተመዘገበ መሆን አለበት። የሚጠቀምበትም የውጭ ነዋሪ መሆን አለበት። ለግል አገልግሎት ከሆነ ጊዜው 6 ወር ነው። ለንግድ ሥራ የመጣ ከሆነ ደግሞ የማጓጓዝ ሥራውን ጨርሶ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ነው።

ሲነበብ ቀላል ነው። ሥራ ላይ ሲውል ግን ይወሳሰባል። አንድ የውጭ ባለሀብት ጄቱን ይዞ መጣ እንበል። እህቱ ደግሞ እዚያው ነዋሪ ናት። ቅዳሜ «አውሮፕላኑ ቆሟል፣ ለሁለት ቀን ውሰጂው» ይላታል። ባለሀብቱ አውሮፕላኑ በስሙ የተመዘገበ ከሆነና እሱም እዚያው ግዛት ውስጥ ካለ፣ እሷ በእሱ ፈቃድ አልፎ አልፎ ለግል ጉዳይ ልትጠቀምበት ትችላለች። እሱ ወደ አገሩ ተመልሶ እሷ ብቻዋን ከበረረች ግን ሁኔታው ተጥሷል። የጉምሩክ ዕዳ የሚወለደው እንዲህ ነው። ዕዳው የሚሰላው ደግሞ በሁለት ቀን በረራ ኪራይ ሳይሆን በሙሉ የአውሮፕላኑ ዋጋ ላይ ነው።

«ማን ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ያምራል። ሎግ ቡኩ ያውቃል። የቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 29 የጉዞ መዝገብ አውሮፕላኑ ውስጥ እንዲኖር ያስገድዳል። መንገደኛ ካለም የስም ዝርዝሩ፣ የተሳፈሩበትና የሚወርዱበት ቦታ ጭምር፣ አብሮ ይቀመጣል። አንድ የጉምሩክ መርማሪ መዝገቡን ገልጦ ጣቱን በቀኖቹ ላይ ወደ ታች ቢያስኬድ አውሮፕላኑ የት እንደነበረ በአስር ደቂቃ ይገባዋል።

ጥገናም የራሱ መስመር አለው። የተበላሸ ነገር ማስጠገንና አውሮፕላኑን ደህና አድርጎ ማቆየት ጊዜያዊ ማስገባትን አያፈርስም። ሳሎኑን ከነወንበሩ አፍርሶ በአዲስ መሥራት ግን ማሻሻል ነው። እሱ በሌላ ሥርዓት፣ ተሠርቶበት ተመልሶ ለመውጣት በሚገባ ዕቃ ደንብ ነው የሚታየው። ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠገኛ) ከመግባቱ በፊት ትራንዚተሩን፣ ማለትም የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚውን፣ ማማከር ይሻላል።

አውሮፕላኑ እዚያው ሊኖር ከሆነ ወይም ተጠቃሚው ነዋሪ ከሆነ፣ ጊዜያዊው መንገድ አይሠራም። ለዘለቄታው ማስገባት የግድ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ይምታታል። ቀረጥና ታክስ አንድ አይደሉም።

ቀረጡ ብዙ አገር ላይ ዜሮ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. ከጥር 1980 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የሲቪል አውሮፕላን ንግድ ስምምነት ፈራሚዎቹ በአውሮፕላን ላይ ቀረጥ እንዳይጥሉ ያደርጋል። አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ጃፓንና የአውሮፓ ኅብረት ውስጡ አሉ። ሁሉም የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት ግን አልፈረሙም። ያልፈረመ አገር የራሱን ታሪፍ ይጠቀማል። ታሪፉ ላይ አውሮፕላን የሚገኘው በምዕራፍ 88፣ በመለያ ቁጥር 8802 ስር ሲሆን የሚከፋፈለው በባዶ ክብደቱ ነው። እስከ 2,000 ኪሎ አንድ መደብ፣ ከዚያ እስከ 15,000 ኪሎ ሌላ፣ ከዚያ በላይ ሦስተኛ። ሴስና 172 የመጀመሪያው ውስጥ ትገባለች። ገልፍስትሪም ጂ650 የመጨረሻው ውስጥ ነው።

ተጨማሪ እሴት ታክሱ ግን ቀረጥ ዜሮ ሆነ ብሎ አይቀርም። የሚሰላውም በግዢ ዋጋው ብቻ አይደለም። ብዙ አገሮች ማጓጓዣውንና ኢንሹራንሱን ይደምሩበታል። አውሮፕላኑ ራሱ በሮ ቢመጣም ለማምጫ የወጣው የአብራሪና የነዳጅ ወጪ እንደ ማጓጓዣ ይያዛል። ቀረጥ ካለ እሱም ይጨመራል። በቁጥር እንየው። ዋጋው 10 ሚሊዮን፣ ቀረጡ 5 በመቶ፣ ቫቱ 20 በመቶ ይሁን። ቀረጡ 500 ሺህ ነው። ቫቱ የሚሰላው በ10.5 ሚሊዮን ላይ ስለሆነ 2.1 ሚሊዮን ይሆናል። ታክስ በታክስ ላይ የሚባለው ይሄ ነው።

አውሮፕላኑ በእርግጥ ለታክስ ከፋይ ድርጅት ሥራ የሚውል ከሆነ ቫቱ በአብዛኛው ይመለሳል ወይም ይካካሳል። የቤተሰብ ሽርሽሩ ድርሻ ግን አይመለስም። ይህቺን ልዩነት በወረቀት ለመሸፈን ስንት ብልሃት እንደተሞከረ ዓለም እ.ኤ.አ. በ2017 የፓራዳይዝ ሰነዶች የተባሉት፣ የሀብታሞችን የታክስ ብልሃት ያሳዩ ሾልከው የወጡ ሰነዶች፣ ይፋ ሲሆኑ አይቷል። በብሪታንያ አጠገብ ባለችው «ማን» በምትባል ደሴት (አይል ኦፍ ማን) በኩል የገቡ የግል ጄቶች የኪራይ አደረጃጀት ያኔ መነጋገሪያ ነበር። ለእኔ ጥያቄው አንድ ነው። ራስህ ያቋቋምከው ድርጅት ለራስህ ሲያከራይህ ኪራዩ የእውነት ገበያ ዋጋ ነው ወይ?

ሽያጭ ላይም ብዙዎች ይወድቃሉ። በጊዜያዊነት የገባ አውሮፕላን እዚያው ቆሞ ባለቤት ቢቀይር፣ ጃኬቱን እንደሸጠው እንግዳ መሆን ነው። የቀድሞው ሁኔታ ለአዲሱ ገዢ በራሱ አይተላለፍም። ስለዚህ ነው ደላሎችና ጠበቆች ርክክቡ የት አውሮፕላን ማረፊያ፣ በስንት ሰዓት እንደሚፈጸም ሳምንት ሙሉ የሚከራከሩት። አንዳንዴ አውሮፕላኑ ለአንዲት ፊርማ ብቻ ድንበር ተሻግሮ ይበራል።

ከፍሎ ያስገባ ሰው ደግሞ ማረጋገጫውን አይጣል። ዲክላራሲዮኑና የቫት ደረሰኙ ዓመታት ቆይቶም ይጠየቃል። በተለይ ምዝገባው የሌላ አገር ከሆነ ጥያቄው አይቀርም። ዋናው ሰነድ ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፣ ቅጂው ግን አውሮፕላኑ ውስጥ ይሁን። እሁድ ማታ ማኮብኮቢያው ዳር የሚጠየቀው ካዝናው ሳይሆን አብራሪው ነው።