«የተቀባውን አትንካ» እና ሌሎች ስለ መታዘዝ የሚነገሩ ስሕተቶች

ጥቅስ ከመሃል እየተቆረጠ ሰው ሲታሰርበት ማየት ሰልችቶኛል። መጽሐፍ ቅዱስ ሳስተምርና የተጎዱ ምእመናንን ሳማክር ዓመታት አልፈዋል። ለእግዚአብሔር ሥልጣን መገዛትንና በእርሱ መታመንን በተመለከተ የምሰማው ስሕተት ግን ያው ነው፤ የሚቀያየረው ተናጋሪው ብቻ ነው። ጥቃቅኖቹን ቶሎ ልበላቸውና ብዙ ሰው ወደ ጎዳው ልሂድ።

«የሚታመን ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም»

ዕንባቆም ገና ሲጀምር «አቤቱ፥ እኔ ስጮኽ የማትሰማው እስከ መቼ ነው?» ይላል። ነቢዩ ይህን በማለቱ አልተገሠጸም፤ መልስ ተሰጠው።

«እምነት ካለህ መድኃኒቱን ተወው»

ሕዝቅያስ በሞት አፋፍ ሳለ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት እንደሚጨመርለት በኢሳይያስ በኩል ተነገረው። የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በእባጩ ላይ እንዲያደርጉ ያዘዘውም ያው ኢሳይያስ ነው። ተስፋውም መድኃኒቱም ከአንድ ነቢይ አፍ ወጡ። ሐኪም ያዘዘላችሁን እንድትጥሉ የሚመክራችሁን ሰው አትስሙት፤ ማንም ይሁን።

«ውስጤ ሰላም ካለው ፈቃዱ ነው»

ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ሲኮበልል መርከቡ ውስጥ ከባድ እንቅልፍ ተኝቶ ነበር። ጌታ ኢየሱስ የአባቱን ፈቃድ ሲቀበል ግን በጌቴሴማኒ ወዙ እንደ ደም ነጠብጣብ ወረደ። እንቅልፍ የወሰደው ኮብላዩን ነው።

«ከታዘዝክ ሁሉ ይሳካልሃል»

ዕብራውያን 11ን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ቁጥር 34 ላይ በእምነት ከሰይፍ ስለት ያመለጡ አሉ፤ ቁጥር 37 ላይ ደግሞ በሰይፍ የተገደሉ አሉ። እምነታቸው አንድ ነው፣ የገጠማቸው ግን ለየቅል። ሦስቱ ወጣቶችም በናቡከደነፆር ፊት አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል ተናገሩ፤ ባያድናቸው እንኳ ለምስሉ እንደማይሰግዱ ጨመሩ። ልጁ የታመመበትን፣ ሥራው የፈረሰበትን ሰው «የት ጋ ሳትታዘዝ ቀረህ?» እያሉ የሚመረምሩ ሰዎች የኢዮብን ወዳጆች ሥራ እየሠሩ ነው። እነርሱን ደግሞ እግዚአብሔር ተቆጥቷቸዋል።

«ለእግዚአብሔር መገዛት ማለት አገልጋዩን አለመጠየቅ ነው»

ሰው ሲሰበርበት ያየሁት ይህ ነው። አገልጋዩ ገንዘብ ሲያጎድል፣ በትዳር ጉዳይ ትእዛዝ ሲሰጥ፣ የተናገረው ትንቢት ሳይፈጸም ሲቀር፣ የጠየቀው ሰው «የተቀባውን (እግዚአብሔር የሾመውን) አትንካ» ይባላል። ቀጥሎም «ከሽፋን (ከአገልጋዩ መንፈሳዊ ጥበቃ) ውጪ ትሆናለህ» የሚለው ማስፈራሪያ ይመጣል።

ጥቅሱ የተወሰደበትን መዝሙር 105ን ከፍታችሁ ከቁጥር 12 ጀምሩ። የሚናገረው ስለ አብርሃም፣ ስለ ይስሐቅና ስለ ያዕቆብ ነው። ቁጥራቸው ጥቂት ነበር፤ በሰው አገር ስደተኞች ነበሩ። እግዚአብሔር ስለ እነርሱ ነገሥታትን ገሠጸና «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» አለ። ማስጠንቀቂያው የተሰጠው ለባለ ሥልጣኑ ነው፤ የተጠበቀው አቅመ ቢሱ ነው። ዛሬ ግን ባለ ሥልጣኑ ራሱ አንሥቶ ድሃውን ዝም ያሰኝበታል። ይህ ያበሳጨኛል፣ እንዲያበሳጨኝም እፈልጋለሁ። ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ «ከቅዱሱ ቅባት ተቀብላችኋል» ያለውም መድረክ ላይ ለቆሙት ብቻ አይደለም፤ ለምእመናኑ ሁሉ ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያ ዳዊት ነው፤ «እግዚአብሔር በቀባው ላይ እጄን አልጥልም ብሏል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ በዋሻ ውስጥ ያገኘውን ንጉሥ ሳኦልን አልገደለውም። ነገር ግን ከዋሻው ወጥቶ የቆረጠውን የልብሱን ዘርፍ እያሳየ ለምን እንደሚያሳድደው ፊት ለፊት ጠይቆታል፤ እግዚአብሔር በመካከላቸው እንዲፈርድም ተናግሯል። ከዚያ በፊት ሳኦል ጦር ሲወረውርበት ዞር አለና በዚያች ሌሊት ሸሽቶ አመለጠ። የተቀባውን የሚያከብረው ዳዊት ጦሩን ለመቀበል ግድግዳው ሥር አልቆመም።

አንዲት እህት ባሏ ይደበድባት ነበር። አቤት ያለችባቸው ሰዎች «መገዛት ማለት ይህ ነው፤ ታገሺ» ብለው ከአንድም ሁለት ጊዜ መለሷት። እኔ ዘንድ ስትመጣ ጥርሷ ወልቆ ነበር። የጠየቀችኝ ግን ስለ ጥርሷ አይደለም፤ «ከቤት ብወጣ በእግዚአብሔር ላይ ማመፄ ነው?» አለችኝ። የዳዊትንና የጦሩን ታሪክ አነበብንላት። ክርስቶስ ራሱን ለቤተ ክርስቲያን አሳልፎ እንደ ሰጠ ባል ሚስቱን ይውደድ የሚለውንም አነበብን፤ ያን ክፍል ማንም አንብቦላት አያውቅም። ወጣች። አሁንም ታመልካለች።

1 ነገሥት 13 ደግሞ ለምን በብዛት እንደማይሰበክ አላውቅም። ከይሁዳ የመጣው የእግዚአብሔር ሰው በቤቴል እንጀራ እንዳይበላ፣ ውኃም እንዳይጠጣ ታዝዞ ነበር። ንጉሡ ኢዮርብዓም ሲጋብዘው የቤቱን እኩሌታ ቢሰጠው እንኳ እንደማይገባ ነገረው። በኋላ አንድ ሽማግሌ ነቢይ መጥቶ «እኔም እንደ አንተ ነቢይ ነኝ፤ መልአክ ተናግሮኛል» አለው። ውሸት ነበር። ሰውየው ግን አመነው፣ ተመልሶም በላ። በመንገድ ላይ አንበሳ ገደለው። ለንጉሥ ያልተበገረ ሰው «ጌታ ነግሮኛል» ባለው ሽማግሌ ወደቀ። «አገልጋዩ ብሎኝ ነው» የሚለው ምክንያት አላዳነውም፤ እግዚአብሔር የነገረውን ያውቅ ነበርና።

«እንግዲያማ ለማንም አልገዛም»

ይህም አያዛልቅም። ዕብራውያን 13፥17 ለዋኖቻችሁ ታዘዙ ይላል፤ እነርሱም ስለ ነፍሳችን የሚተጉት ስሌት እንደሚሰጡ ሆነው እንደሆነ ይጨምራል። ሥልጣናቸው ተጠያቂነት አለበት ማለት ነው። መጋቢያችሁ የወሰድከውን ገንዘብ መልስ፣ ወንድምህን ይቅር በል ቢላችሁ ይህን ጽሑፍ ይዛችሁ አትከራከሩት፤ ታዘዙ። ጳውሎስ ጴጥሮስን በአንጾኪያ ፊት ለፊት የተቃወመው ጴጥሮስ ከወንጌል እውነት ጋር ስላልሄደ ነው፤ የራሱ የጳውሎስ ክብር ስለ ተነካ አልነበረም።

«ጌታ ስለ አንተ ተናግሮኛል» የሚል ሰው ሲመጣባችሁ እንዲህ አድርጉ። አመስግኑትና ጊዜ ጠይቁ። በዚያው ቀን ሥራ አትልቀቁ፣ ቀለበት አትሰሩ፣ ገንዘብ አታውጡ። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ቃል ሳይቀር በየዕለቱ ከመጻሕፍት ጋር ያመሳክሩ ነበር፤ ሉቃስም ስለዚህ ልበ ሰፊዎች ይላቸዋል። እናንተም አመሳክሩ። ከዚያ ሰው ጥቅም የማይጋሩ ሁለት ሦስት የበሰሉ ክርስቲያኖችን አማክሩ። ጊዜ በመጠየቃችሁ ከተቆጣ፣ ወይም ለማንም እንዳትናገሩ ካስጠነቀቃችሁ፣ ለሽማግሌዎች ንገሩ። እየተደበደባችሁ ከሆነ ግን መጀመሪያ ውጡ፤ ምክሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።