«ያው አንድ ባህር ዳር ናቸው» ለምትሉኝ፦ ስለ ባንደን ዱንስ እና ፓስፊክ ዱንስ

ፖርትላንድ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት አብረን ጎልፍ የምንጫወት ጥቂት ሐበሾች አለን። አብዛኞቹ የጀመሩት አርባን ካለፉ በኋላ ነው፤ አንዱን የሥራ ባልደረባው ጎትቶት፣ ሌላዋን ልጇ ትምህርት ቤት ጀምራ አስከትላት። እኔ 14 ዓመት የጎልፍ ሜዳ ሣር ስንከባከብ የኖርኩ ስለሆንኩ ጥያቄው ሁሉ ወደኔ ይመጣል። በዓመት አንዴ ተያይዘን ወደ ባንደን እንወርዳለን። መንገዱ በመኪና ከአራት ሰዓት በላይ ነው። እና በየዓመቱ፣ ገና ከከተማ ሳንወጣ፣ ያችው ክርክር ትነሳለች፦ ባንደን ዱንስና ፓስፊክ ዱንስ የተባሉት ሁለቱ ሜዳዎች ይለያያሉ ወይስ ያው ናቸው? ዘንድሮ ጽፌ ልገላገላት።

ለማያውቁት፦ ባንደን ኦሪገን ግዛት ውስጥ ፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከከተማዋ በስተሰሜን አንድ የጎልፍ ሪዞርት አለ። ያቋቋመው ማይክ ካይዘር ይባላል፤ በመልካም ምኞት ካርድ ንግድ ሀብት ያፈራ የቺካጎ ሰው ነው። የመጀመሪያው ሜዳ ባንደን ዱንስ እ.ኤ.አ. በ1999 ተከፈተ። የነደፈው ዴቪድ ማክሌይ ኪድ የተባለ ስኮትላንዳዊ ነው። በ2001 ደግሞ አጠገቡ ፓስፊክ ዱንስ ተከፈተ፤ እሱ የአሜሪካዊው ቶም ዶክ ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተጨምረዋል፤ የኔ ጉዳይ ግን እነዚህ ሁለቱ ናቸው። «ሆል» ስል ጉድጓዷን ብቻ አይደለም፤ ኳሷ ከምትነሳበት እስከ ባንዲራው ያለውን መንገድ በሙሉ ነው።

«ሁለቱም ያው ናቸው። ሥራውን የሠራው መሬቱ ነው፣ የዲዛይነሩ ስም ለማስታወቂያ ነው።»

ይህቺን ስሰማ ደሜ ይፈላል። መሬቱ ድንቅ መሆኑን ማንም አይክድም። አሸዋ ነው፤ ዝናብ ቢወርድ ውሃው ወዲያው ይሰርጋል። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማችሁ ውቅያኖሱን ከእግራችሁ ሥር ታያላችሁ። ግን አንድ ዓይነት ጤፍ ለሁለት ባለሙያ ብትሰጡ አንድ ዓይነት እንጀራ ታገኛላችሁ? አብሲቱን የጣለው፣ ምጣዱን ያሰማው ሰው የለም?

የዲዛይነር የመጀመሪያ ሥራ ባንከር (ኳስ የሚያጠምድ የአሸዋ ጉድጓድ) መቆፈር አይደለም። ተጫዋቹ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ፣ መቼ ባህሩ ጋ እንደሚደርስ፣ መቼ ነፋሱን ከኋላው መቼ ከፊቱ አድርጎ እንደሚራመድ መወሰን ነው። እዚህ ላይ ሁለቱ ሰዎች ፈጽሞ ተለያይተዋል።

ኪድ ሥራውን ሲያገኝ ገና በሃያዎቹ ውስጥ ነበር። ስሙን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። አባቱ ግን ስኮትላንድ ውስጥ ግሌንኢግልስ የተባለ የጎልፍ ቦታ የሣር ኃላፊ ነበሩ፤ ልጁ ያደገው ሣርና አሸዋ ሲያይ ነው ማለት ነው። ባንደን ዱንስ ላይ መጀመሪያ ባህሩን ይደብቅባችኋል። 4ኛው ሆል ላይ ፌርዌዩ (ሣሩ አጥሮ የታጨደበት ዋናው መንገድ) ወደ ቀኝ ይታጠፍና፣ መታጠፊያው ጋ ስትደርሱ ግሪኑ (ጉድጓዷና ባንዲራው ያሉበት፣ በጣም አጥሮ የታጨደው ሣር) ከነውቅያኖሱ ድንገት ፊታችሁ ይገለጣል። 5ኛው ገደሉን ይዞ ባህሩን በግራ አድርጎ ይወጣል። 6ኛው አጭር ፓር 3 ነው፣ እሱም አፋፉ ላይ። (ፓር ማለት አንድ ጥሩ ተጫዋች ሆሉን በስንት ምት እንዲጨርስ እንደሚጠበቅ የሚናገር ቁጥር ነው።) ከዚያ ወደ ውስጥ ይመልሳችኋል። 12ኛው ላይ እንደገና ባህሩ ጋ ያደርሳችሁና ያርቃችኋል። መጨረሻ ላይ በ15ኛውና በ16ኛው ለሦስተኛ ጊዜ ይመልሳችኋል። ፌርዌዮቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ግሪኖቹም ትልልቅ። ኳሱን ያጣመመ ሰው ብዙ ጊዜ ኳሱን ያገኛታል።

ዶክ ሌላ ሰው ነው። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የመልክዓ ምድር ንድፍ ተምሮ፣ ከዚያ ብሪታንያና አየርላንድ ሄዶ የድሮዎቹን ሜዳዎች እየዞረ አጥንቷል። ስኮትላንድ ውስጥ ባለው ዝነኛው የሴንት አንድሩስ ሜዳ ካዲ ሆኖ የተጫዋቾችን ቦርሳ ተሸክሟል። ፒት ዳይ የተባለው ታላቅ ነዳፊ ጋም ሠርቷል። እንዲህ ያለ ሰው መሬቱን «እንደ ደንቡ ሁን» አይለውም። ፓስፊክ ዱንስ ላይ 10ኛውም 11ኛውም ፓር 3 ናቸው፣ ተከታትለው! የኋለኛዎቹን ዘጠኝ ሆሎች ቁጠሯቸው፦ አራት ፓር 3፣ ሦስት ፓር 5፣ ሁለት ፓር 4 ብቻ። በተለመደው ሜዳ አብዛኛው ሆል ፓር 4 ስለሆነ፣ ይህን ወረቀት ላይ የሚያይ ብዙ ሰው ስህተት ይመስለዋል። እሱ ግን ጥሩ ሆል ያየበት ቦታ ላይ ጥሩ ሆል አስቀመጠ፣ ድምሩ ምንም ይምጣ። ግሪኖቹ አነስ ያሉና ጎርባጣ ናቸው። ባንከሮቹ ነፋስ ራሱ የቦረቦራቸው ይመስላሉ።

ማስረጃ ካስፈለገ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ ታላቃችን አሉ። ኳስ አርቆ በመምታት የሚያህላቸው የለም። ባንደን ዱንስን ተጫውተው ደስ ብሏቸው ወጡና በማግሥቱ ፓስፊክ ዱንስ ገቡ፣ «ያው ነው» እያሉ። 6ኛው ሆል ፓር 4 ነው፣ 316 ያርድ ብቻ (ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል)። ጋሼ ትልቁን ዱላ መዘው በኃይል ወደ ግራ መቱ። «ጋሼ፣ እባክዎ ወደ ቀኝ ያርጉት» ብዬ ነበር። «አንተ ልጅ፣ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ምን ያስፈራሃል?» አሉኝ። ሜዳው ሰፊ መሆኑ ልክ ነው፤ ግሪኑ ግን ጠባብ ነው፣ በግራው በኩል ደግሞ ጥልቅ ባንከር ተቀምጧል። ከዚያ ወገን የመጣ ሰው ባንከሩን በአየር ማለፍ አለበት፣ ካለፈ በኋላ ደግሞ ኳሷ የምታርፍበት ቦታ የለም። ስምንት መትተው ወጡ። ቦታውን ሰፊ ያደረገውና መልሱን ግን አንድ ጎን ላይ ብቻ ያስቀመጠው ማነው? መሬቱ ነው? ሰው ነው። ቁጭ ብሎ ያሰበ ሰው።

ይህን ሁሉ የምለው ለፍታችሁ ባጠራቀማችሁት ገንዘብ ለሁለት ቀን ሄዳችሁ፣ የተሠራላችሁን ነገር ሳታዩት እንዳትመለሱ ነው። የኔ ምክር፦ መጀመሪያ ባንደን ዱንስን ተጫወቱ። አሸዋውን፣ ነፋሱን፣ ኳሷ መሬት ላይ እንዴት እንደምትንከባለል እዚያ ተማሩ፤ ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ስህተታችሁን ይችላል። በማግሥቱ ፓስፊክ ግቡ። እዚያ ደግሞ እያንዳንዱ መነሻ ላይ ከመምታታችሁ በፊት ወደ ግሪኑ እዩና ከየት በኩል ክፍት እንደሆነ ፈልጉ። ከግሪኑ ወደ ኋላ ተነስታችሁ አስቡ።

«ፓስፊክ ይበልጣል፣ መጽሔቶቹ ብለዋል።»

በአሜሪካ መጽሔቶች የደረጃ ዝርዝር ፓስፊክ ዱንስ ብዙውን ጊዜ ከባንደን ዱንስ ቀድሞ እንደሚቀመጥ አውቃለሁ። ዝርዝሩ ግን የገምጋሚዎች አስተያየት ድምር ነው። የናንተን ኳስ አያውቃትም። የ2020 የአሜሪካ የአማተር ሻምፒዮና ፍጻሜ የተካሄደው ባንደን ዱንስ ላይ ነበር፤ «ቀላሉ ሜዳ» በሚባለው ላይ ማለት ነው። ከኛ መሐል ግማሾቹ ባንደንን ይመርጣሉ። እኔ ፓስፊክን እመርጣለሁ፣ ግን በ11ኛውና በ13ኛው ሆል ምክንያት ነው እንጂ በማንም ቁጥር አይደለም። 13ኛው ላይ በግራችሁ ባህር፣ በቀኛችሁ የአሸዋ ተራራ፣ መሐል ላይ እናንተ።

«ፓር 72 ያልሆነ ሜዳ ጎደሎ ነው።»

ፓስፊክ ፓር 71 ነው። ፓር ድምር ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። የሴንት አንድሩሱ አሮጌው ሜዳ ድምሩ 72 ነው፣ አከፋፈሉ ግን እንደ ደንቡ አይደለም፦ ሁለት ፓር 3 እና ሁለት ፓር 5 ብቻ ነው ያለው። እሱን ጎደሎ የሚል አልሰማሁም።

«አጭር ስለሆነ ቀላል ነው።»

ሁለቱም ከኋለኛው መነሻ ከ6,600 እስከ 6,700 ያርድ ገደማ ናቸው። ለዘመኑ መጫወቻ ዱላ አጭር ነው፣ አዎ። ነፋሱንስ ማን ይቁጠረው? በሞቃቶቹ ወራት ከሰሜን ይነፍሳል፣ በብርዱ ወራት ከደቡብ። ስለዚህ ሐምሌ ላይ የፓስፊክ 4ኛው ሆል ነፋሱ ከኋላ ይገፋችኋል፣ 13ኛው ደግሞ ፊታችሁን ይመታችኋል። ጥር ላይ ይገለበጣል። 11ኛው 148 ያርድ ነው። አንድ ጠዋት በ9 ቁጥር ብረት መትቼ ግሪን ላይ አርፌያለሁ፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ በሁለተኛው ዙር በ5 ቁጥር መትቼ አልደረስኩም (የዱላው ቁጥር ባነሰ መጠን ኳስ ርቃ ትሄዳለች)።

አዲስ አበባ ላይ ጎልፍ የጀመራችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። እዚያ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ኳስ ርቃ ትበራለች። ባንደን ባህር ጠለል ላይ ነው፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነው። የለመዳችሁትን ዱላ ብትይዙ ታጥራለች። በቁጥር አንድ ወይ ሁለት ዝቅ ያለውን፣ ማለትም አርቆ የሚመታውን ዱላ ያዙ፣ በእርጋታም ምቱ። ነፋስ ሲበረታ ኳሷን ዝቅ አድርጉ እንጂ ጉልበት አትጨምሩ፤ ጉልበት ስትጨምሩ ኳሷ እየተሽከረከረች ወደ ላይ ትወጣና ነፋሱ መልሶ ያመጣታል።

«ሣሩ ቡናማ ሆኗል፣ ይህን ያህል አስከፍለው አያጠጡትም?»

ይህ በሙያዬ የመጣ ስለሆነ ትዕግሥቴ ያልቃል። ሣሩ ፌስኪዩ ይባላል። ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ፣ ትንሽ ውሃና ትንሽ ማዳበሪያ የሚፈልግ፣ አሸዋ የሚወድ ሣር ነው። ሲደርቅ ቢጫ ቡናማ ይሆናል፣ አልሞተም። መሬቱ የሚጠነክረው፣ ኳስ የምትንከባለለው ለዚህ ነው። ሁለቱም ሜዳ የታሰበው ለዚህ አጨዋወት ነው። አረንጓዴና እርጥብ ብታደርጉት ንድፉን አፈረሳችሁት፤ ያ ሁሉ ጉብታ ኳስ ወደ ግሪኑ ሊያመጣ የተሠራ ነው፣ ጭቃ ላይ ግን ኳስ አይንከባለልም።

ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ሜዳ አባላቱ «አረንጓዴ እንደ ቴሌቪዥኑ ይሁንልን» ብለው አለቃዬን አስጨነቁት። ውሃ ጨመርን። ሥሩ ጥልቅ መሄዱን ተወ፣ ምክንያቱም ውሃ ላይ ላዩን አግኝቷል። ሙቀት ሲመጣ ፈንገስ ገባ፣ ሦስት ግሪን ሞተብን። ሌሊት በባትሪ እየዞርኩ የታመመውን ሣር ስፈልግ የነበረበትን ወር አልረሳውም። ስለዚህ ቡናማ ሣር ስታዩ ሰነፍ ሠራተኛ አትበሉ። በጣም የሚጠነቀቅ ሰው ነው ያለው።

እና እባካችሁ ከግሪኑ ውጭ ሆናችሁ ኳሱን ወደ ሰማይ የምታነሳውን ሹል ዱላ አትምዘዙ። መሬቱ ጠንካራ ስለሆነ ዱላው ይነጥራል፣ ኳሷም ግሪኑን አልፋ ትሄዳለች። ፑተር፣ ማለትም ኳሷን መሬት ለመሬት የሚያንከባልለውን ዱላ ያዙ። ከ20 ያርድም ቢሆን ፑተር። መጀመሪያ ያሳፍራል፣ ከሦስት ሆል በኋላ ትለምዱታላችሁ።

«እዚያ ደርሰን ካርት (የጎልፍ ሜዳ ትንሽ መኪና) እንከራያለን።» የለም፣ በእግር ነው። ካርት የሚፈቀደው የሕክምና ማስረጃ ላለው ብቻ ነው፤ ካዲ ያዙ ወይ የሚገፋ ጋሪ።

«ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ለጌጥ ነው የተተከለው።» ጎርስ ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጆርጅ ቤኔት የተባለ ሰው ከአየርላንድ ያመጣው ነው። ዘይት ስላለው እንደ ችቦ ይነዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1936 በተነሳው እሳት ባንደን ከተማ የወደመችው አንድም በሱ ምክንያት ነው። እሾሁ ልብስ ይቀድዳል። ኳሳችሁ ከገባች ተዉአት።

መኪና ላይ የምትጠይቁኝ የመጨረሻ ጥያቄ «ማለዳ ነው ከሰዓት?» ነው። ፓስፊክን ማለዳ ያዙ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው የሚበረታው። 9ኛው ሆል መነሻ ላይ ስትደርሱ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትምቱ። ዶክ ለዚያ ሆል ሁለት ግሪን ነው የሠራለት፣ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች፤ የ10ኛውም መነሻ አብሮ ይቀየራል። ባንዲራው ዛሬ የትኛው ላይ እንዳለ መጀመሪያ ካዲውን ጠይቁ። ጋሼ አምና ሳይጠይቁ ወደ ታችኛው መቱ፣ ባንዲራው ላይኛው ላይ ነበር።