የአጭር ርቀት የኮንቴይነር ጭነት በድሬዳዋና በአካባቢዋ

በድሬዳዋ የአጭር ርቀት የኮንቴይነር ጭነት የሚባለው፣ ከደረቅ ወደቡ (ከባሕር ርቆ በየብስ ካለው የኮንቴይነር ማከማቻና የጉምሩክ ግቢ) ወይም ከባቡር ጣቢያው የተነሳ ኮንቴይነር በከተማዋ ወዳሉ መጋዘኖች፣ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩና ወደ ፋብሪካዎች፣ እንዲሁም የደንገጎን አቀበት ወጥቶ ወደ ሐረርና ወደ ጅግጅጋ የሚያደርገው ጉዞ ነው። ከጅቡቲ ድንበር ከደወሌ እስከ ከተማዋ ስላለው 220 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ብዙ ይነገራል፤ ስለ መጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ነጋዴው «ዕቃዬ ዘገየብኝ» ብሎ ሲያማርር ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ያለው እዚሁ ነው።

ድሬዳዋ ራሷ የተወለደችው ከዚህ ችግር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ መዳረሻው ሐረር እንዲሆን ታስቦ የነበረ ቢሆንም የተራራው አቀበት ስለማይቻል መስመሩ በግርጌው እንዲያልፍ ተወሰነ፤ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ አዲሱ ሰፈር «አዲስ ሐረር» ተባለ። የባቡር ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት ከስሮ ሥራው ለዓመታት በመቋረጡና ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. በመሆኑ፣ በመካከሉ ባለው ጊዜ የመሀል አገሩና የሐረርጌ ጭነት ሁሉ ከፉርጎ ወርዶ በግመልና በበቅሎ ጀርባ የሚጫነው ድሬዳዋ ላይ ነበር። ጭነት የሚወርድበት፣ የሚቆጠርበት፣ ቀረጥ የሚከፈልበትና ሌላ ማጓጓዣ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ቦታ ከተማ ሆነ። በለገሃሩ ዙሪያ የተተከለው የከዚራ ሰፈር፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያደገው የመጋላ ሰፈር፣ የጥገና ወርክሾፑና በውስጡ የተማሩት ባለሙያዎች ሁሉ የዚህ መጠበቅ ውጤቶች ናቸው፤ የአገሪቱ ዘመናዊ የብረታ ብረት ሙያ አንዱ ምንጭም ይኸው ወርክሾፕ ነው።

የጭነት መኪና በብዛት የገባው በጣልያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ ነው።

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት ሳቢያ የአሰብ ወደብ ሲዘጋ የአገሪቱ የወጪና የገቢ ንግድ ከሞላ ጎደል በጅቡቲ ላይ ወደቀ። የቀድሞው ባለ አንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ በዚህ ጊዜ እየደከመ ስለነበር ጭነቱን የተሸከመው መኪናው ነው። በ2009 ዓ.ም. መስከረም ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. ታኅሣሥ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ድሬዳዋን ወደ ቀድሞ ክብሯ መልሷታል፤ ሆኖም አዲሱ ጣቢያ እንደ ጥንቱ በመሀል ከተማ ሳይሆን ከከተማው ወጣ ብሎ በመሠራቱ፣ በባቡር የመጣ ኮንቴይነር መጋዘን ለመግባት የግድ መኪና ላይ መጫን አለበት። ባቡሩ የመኪናውን ሰልፍ አሳጥሯል የሚሉ አሉ፤ የለም፣ ሰልፉን ከመንገድ ወደ ግቢ አዛውሮታል የሚሉም አሉ። ምናልባት ሁለቱም እውነት ሳይኖራቸው አይቀርም፤ በመኪና ሲሆን አንድ በአንድ የሚደርሰው ኮንቴይነር በባቡር ሲሆን በአንድ ጊዜ በአስሮች ይወርዳልና።

መዘግየቱ ከርቀት ጋር ብዙም የሚገናኝ አይደለም። ዕቃው በመልቲሞዳል ሥርዓት፣ ማለትም በባሕርም በየብስም አንድ አጓጓዥ ኃላፊ ሆኖ በሚያመጣበት አሠራር የመጣ ከሆነ እስከ ደረቅ ወደቡ ድረስ ኃላፊነቱ የአጓጓዡ ነው፤ የአስመጪው ተራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ትራንዚተሩ (የአስመጪው የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ዲክላራሲዮን፣ ማለትም የዕቃ መግለጫ ሰነድ ያስገባል፣ ቀረጥ ይከፈላል፣ ፍተሻ ከታዘዘ ኮንቴይነሩ ከክምሩ ተነስቶ ይከፈታል፤ የሚፈለገው ኮንቴይነር ከሥር ከሆነ ደግሞ በላዩ ያሉት አስቀድመው መነሳት አለባቸው። ይህ ሁሉ አልቆ የመውጫ ወረቀቱ እስኪመጣ ሾፌሩ መኪናውን አጥር ጥግ አቁሞ፣ በቀትሩ ሙቀት ብረቱ እጅ ስለሚያቃጥል ከተሳቢው ሥር ካርቶን አንጥፎ ይጋደማል፤ ረዳቱ ወረፋውን ይጠብቃል። የድሬዳዋ ሰው ሥራውን ማለዳና ማታ የሚሠራ፣ ቀትሩን በጥላ የሚያሳልፍ በመሆኑ ከረፋዱ በኋላ ያልተጫነ ኮንቴይነር ወደ ማምሻ መግፋቱ የተለመደ ነው። ይህን ስንፍና የሚለው የከተማዋን ፀሐይ የማያውቅ ብቻ ነው።

የባዶ ኮንቴይነር ጉዳይም አለ። ኮንቴይነሩ የመርከብ ድርጅቱ ንብረት በመሆኑ በተወሰነ ቀን ካልተመለሰ ቅጣት ይቆጠርበታል፤ በመጋዘን ደጅ ጫኝና አውራጅ ሲጠፋ ወይም በዋጋ ሳይስማማ ሲቀር የሚቆመው እንግዲህ አንድ ሳይሆን ሁለት ጉዞ፣ የዕቃው መድረስና የባዶው መመለስ ነው።

በክረምት ደቻቱ ይጨመርበታል። ወንዙ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በደጋው ሲዘንብ ግን ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ጎርፉ ይደርሳል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል።

ወደ ሐረር የሚሄደው ጭነት የሚፈተነው በደንገጎ ነው። መንገዱ ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ በ20 ኪሎ ሜትር ያህል ውስጥ ወደ 2,000 ሜትር ይወጣል። ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር የጫነ ተሳቢ በጠመዝማዛው ላይ በሰው እርምጃ ሲያዘግም ከኋላው አውቶቡሱና ሚኒባሱ ይደረደራሉ፤ ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚወርደው መኪና ደግሞ ጫቱ ሳይጠወልግ መድረስ ስላለበት ከላይ እየበረረ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ብዙ የሐረር ነጋዴ ኮንቴይነሩን ድሬዳዋ ላይ አስከፍቶ ዕቃውን በአይሱዙ ማስወጣት ይመርጣል። ሐረር ሲደርስም ከአሚር ኑር ዘመን ጀምሮ የቆመው የጀጎል ግንብና ጠባብ መንገዶቹ ትልቅ መኪና አያስገቡም፤ ዕቃው ከበሮቹ ውጭ ይራገፍና በባጃጅ፣ በአህያና በሰው ትከሻ ወደየሱቁ ይገባል።