የጦር አውሮፕላንና የጦር መርከብ ሞዴል አሠራር

ሞዴል ሠሪ አንድን እውነተኛ የጦር አውሮፕላን ወይም መርከብ በልኩ አሳንሶ በእጁ የሚሠራ ሰው ነው። ከሳጥኑ የሚወጣው ግራጫ ፕላስቲክ ነው። እሱን ቆርጦ፣ ሞርዶ፣ አጣብቆና ቀብቶ እውነተኛውን እንዲመስል ማድረግ የሠሪው ፈንታ ነው። ብዙ ሰው አሻንጉሊት ይመስለዋል። እኔ ግን ከታሪክ ጥናት ጋር የሚመደብ ሥራ ነው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ የሚመረጠው ልኬቱ ነው። 1/72 ማለት እውነተኛው 72 ጊዜ አንሷል ማለት ነው። የእንግሊዙ ስፒትፋየር ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ከ23 ሳንቲሜትር ነው። በ1/72 ወደ 15.6 ሳንቲሜትር፣ በ1/48 ደግሞ ወደ 23 ሳንቲሜትር ይወርዳል። ቁጥሮቹ ግራ የሚያጋቡት ከጫማና ከኢንች ስለመጡ ነው። በ1/72 አንድ ኢንች ስድስት ጫማን ይወክላል። መርከብ ሲሆን ግን በዚህ ልኬት ቤት አይበቃውም። ስለዚህ 1/700 እና 1/350 ተለመዱ። 263 ሜትር የነበረው የጃፓኑ ያማቶ በ1/350 እንኳ 75 ሳንቲሜትር ይሆናል።

ሥራው የቆየ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቦች ከእንጨት በሞዴል ይሠሩ ነበር፤ ከእነዚያ ብዙዎቹ ዛሬም በሙዚየም አሉ። በፕላስቲክ የሚገጣጠም የአውሮፕላን ሞዴል ለገበያ የወጣው በ1936 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እዚያው እንግሊዝ ነው። በ1942 ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የትምህርት ቤት ተማሪዎች 500,000 የእንጨት ሞዴሎች እንዲሠሩለት ጠየቀ። ልኬቱ 1/72 ነበር። በ10 ሜትር ርቀት የተያዘ ሞዴል በ720 ሜትር ላይ ያለ እውነተኛ አውሮፕላን ያህል ሆኖ ይታያል። ተኳሾች የወገንን ከጠላት መለየት የተማሩት በዚህ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቀለጠ ፕላስቲክ በብረት ቅርጽ ውስጥ እየተጨመቀ ሲመረት ነገሩ ረከሰና በልጆችም እጅ ገባ። የዛሬው ማዕከል ግን የጃፓኑ ሺዙኦካ ከተማ ነው። ታሚያ በ1946 በእንጨት ንግድ የተነሳ ድርጅት ነው። በ1960 ያማቶን በ1/800 አውጥቶ የመጀመሪያውን የፕላስቲክ ሞዴል ሸጠ። በ1971 ታሚያ፣ ሃሴጋዋ፣ አኦሺማና ፉጂሚ የተባሉት የሞዴል ድርጅቶች ተስማምተው የጦር መርከቦችን በ1/700 ተከፋፍለው ማውጣት ጀመሩ። መርከቦቹ ከውኃው ወለል በታች ያለው አካላቸው ተቆርጦ የቀረ ናቸው። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ባሕር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። ተፎካካሪዎች ገበያ ተከፋፍለው አብረው መሥራታቸው እስካሁን ይገርመኛል።

ሙጫው እንደ ወረቀት ሙጫ አይደለም። ፕላስቲኩን ትንሽ አቅልጦ ሁለቱን ክፍል ያዋህዳል። ለፓይለቱ መስታወት ግን ሱፐር ግሉ አይነካም፤ ትነቱ መስታወቱን ነጭ ጉም ያለብሰዋል። መርከብ ላይ ትልቁ ፈተና ቅጥነት ነው። 3 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው የመርከብ አጥር ብረት በ1/700 ከ0.05 ሚሊሜትር በታች ይሆናል። ፕላስቲክ እንዲህ ቀጥኖ አይወጣም። ስለዚህ በኬሚካል የተቀረጸ ስስ የነሐስ ሉህ ይገዛል። የአንቴና ሽቦውን ግን ከትራፊው መሥራት ይቻላል። ክፍሎቹ የተያያዙበትን የፕላስቲክ ዘንግ ከሻማ ነበልባል ከፍ አድርጎ መያዝ ነው። ልስልስ ሲል ከእሳቱ አውጥቶ ሁለቱን ጫፍ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ከፀጉር የቀጠነ ክር ይወጣል። ቶሎ ከተሳበ ይበጠሳል፣ ከዘገየ ደግሞ ወፍሮ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ጥናቱ ነው። «ኤፍ-5 ተዋጊ አውሮፕላን እሠራለሁ» ማለት አይበቃም። የየትኛው አገር? የየትኛው ዓመት? ስንት ቁጥር የተጻፈበት? በ1977 በኦጋዴን ጦርነት ከሶማሊያ ሚግ-21 ጋር የተዋጉትን የኢትዮጵያ ኤፍ-5ኢ አውሮፕላኖች ለመሥራት የሚነሳ ሰው ፎቶ ማሰስ አለበት። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩ ክብ ምልክት የት ላይ ነበር? የካሙፍላጁ (የመሸሸጊያው) ቀለም በፀሐይ ምን ያህል ደብዝዞ ነበር? ከአሜሪካ በ1962 ተረክበን «ኢትዮጵያ» ብለን የሰየምናት መርከብም እንዲሁ ናት። የቀድሞ ስሟ ኦርካ ነው፤ 95 ሜትር ትረዝም ነበር። በ1/350 ወደ 27 ሳንቲሜትር ትወርዳለች። መርከቧ ዛሬ የለችም። ስለዚህ በቀድሞ ባሕርተኞች አልበም ውስጥ ያለ አንድ ጥርት ያለ ፎቶ ለሞዴል ሠሪ ከየትኛውም ውድ መሣሪያ ይበልጥበታል።

ቀለም ከተቀባ በኋላ በወረቀት ላይ በስስ ሽፋን ታትመው የሚመጡት ምልክቶች ይለጠፋሉ። ለብ ባለ ውኃ ተነክረው ከወረቀታቸው ተንሸራተው ይወጣሉ። ከሥራቸው ያለው ገጽ ማንጸባረቅ አለበት። ሻካራ ከሆነ አየር ይታሰርና ዙሪያው ብርማ ሆኖ ያስጠላል። ለዚህ ነው መጀመሪያ አንጸባራቂ ቫርኒሽ፣ በመጨረሻ ደግሞ የማያንጸባርቅ የሚቀባው። ቀለም የሚረጭ ሰው ማስክ አድርጎ መስኮት ይክፈት፤ በዚህ ቀልድ የለም።

በ1963 እንግሊዝ ውስጥ የተመሠረተው የፕላስቲክ ሞዴል ሠሪዎች ማኅበር ዛሬ በብዙ አገሮች ቅርንጫፍ አለው፤ ውድድርም ያዘጋጃል። በእንዲህ ያለ ውድድር ዳኛ ቀድሞ የሚያየው ያሸበረቀ ቀለም አይደለም። መጋጠሚያው መስመር ጠፍቷል? ሁለቱ ክንፎች እኩል ናቸው? የሙጫ አሻራ አለ? እዚህ የወደቀ ሞዴል ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር አይድንም።